እርስዎ የተባባልንበት ዓመት

አማርኛ የምትወደውን ሰው ስትጠራ ያጋልጥሃል። «አንቺ» ካልክ ሴት ናት፣ «አንተ» ካልክ ወንድ ነው። ግጥም ያስተማረኝ ሰው ስላልነበረ መሸሸጊያውን ያገኘሁት ራሴ ነኝ፤ «እርስዎ»። እርስዎ ሴትም ወንድም አይደሉም። ሆላንድ፣ ዛንዳም ከተማ፣ አንድ የብስኩት መጋዘን ውስጥ ካርቶን እየደረደርኩ በሆዴ የማዘጋጃቸው የፍቅር ግጥሞች ሁሉ ለእርስዎ ነበሩ። ማንም እንደማይደርስብኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

ማንም አልደረሰብኝም። ዴንሃግ በአንድ የበዓል ዝግጅት ላይ አንዱን ሳነብ፣ ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ጠረጉ። ስጨርስ መጥተው እጄን ያዙ።

«ለእናትህ የጻፍከው ነው አይደል፣ ልጄ?»

ግጥሙ ባቡር ላይ ስላየሁት ስለ አንድ ሰው አንገት ነበር። «አዎ» አልኳቸው።

እዚያው ቆመን ሳለ ልጃቸው አጠገባችን ለተቀመጡት ቄስ ሻይ ይዞ መጣ። በስድስት ዓመቱ መጥቶ እዚህ ያደገ፣ ረጅም፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ልጅ ነው። «አባ፣ ስኳር ትፈልጋለህ?» አላቸው። ጠረጴዛው ዙሪያ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ቄሱ ሳቁና «ሁለት አድርግልኝ» አሉ። እናቱ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው የሚወዱ መሰሉ።

«በሆላንድኛ ጨዋ ነው እኮ» አሉኝ። «ሮተርዳም ሽማግሌዎች ነው የሚንከባከበው፣ ይወዱታል። በአማርኛ ባለጌ አድርጌ አሳደግሁት። አንተ አማርኛህ ያምራል። እንደ ሰው መናገር አስተምርልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣህ እራት ብላ።»

የተማረው ባቡር ላይና መንገድ ላይ ነው። የሚለማመድበት ሽማግሌ ስላላገኘን በእኔ ተለማመደ፤ በሁለት ዓመት እበልጠዋለሁ።

«እርስዎ፣ የድንች ጥብስዎ ላይ ማዮኔዝ ትፈልጋለህ?»

«ይፈልጋሉ ነው የሚባለው።»

«እነማን ናቸው የሚፈልጉት?»

«እኔ።»

«አንተ ስንት ሰው ነህ?»

አንድ ቀን አምስተርዳም ጣቢያ ባቡር ሲያመልጠን «በአክብሮት ልስደብህ» አለኝ። «እርስዎ ደደብ ነህ።»

«ነዎት።»

«እርስዎ ደደብ ነዎት።»

«አሁን ገና ተማርክ።»

ክረምቱ ሲያልፍ ለቄሱም ለእናቱ እንግዶችም ሳይሳሳት መናገር ቻለ። ትምህርቱ አልቋል፣ እኛ ግን አላቆምንም። ሰው ፊት «አንተ» እንባባላለን፤ ብቻችንን ስንሆን ወደ እርስዎ እንመለሳለን። ሲያረፍድ «ይቅር ይበሉኝ፣ ባቡሩ አሳዳጊ የበደለው ነው» ይለኛል። አምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት ሰፈር ከምኖርበት ክፍል አቅራቢያ ካለው ሐይቅ ዳር አንድ እሑድ ከሰዓት ተቀምጠን፣ ዳክዬዎቹን እያየ፣ «ልስምዎት ይፈቅዱልኛል?» አለኝ።

አረምኩት። «ሲጻፍ 'ልስምዎ' ነው። 'ት'ዋ ትቀራለች።»

«ትቅር» አለ።

ያን ዓመት ከዛንዳም እስከ ሮተርዳም ባቡር ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ሆነን ከረምን። ከመሳቅ ብዛት ትኬት ተቆጣጣሪው ቆሞ የሚያየን ጊዜ ነበር።

ለእናቱ መንገር የፈለገው እሱ ነው። የሚያስፈራ ነገር አልታየውም። እኔ ግን ፈራሁ። የፈራሁት ሐሜቱን አይደለም፤ እሳቸውን ማጣት ነው። በዚህ አገር «ልጄ፣ ምን በላህ?» የሚለኝ ሌላ ሰው አልነበረም። ቅዳሜ ማታ ስወጣ የተረፈውን ምስር ወጥ በአይስክሬም ዕቃ ሞልተው በግድ ያስይዙኛል። «ዕቃዬን መልስ እንጂ፣ አንተ ሌባ» ይሉኛል በሳምንቱ።

«በምን ቃል ትነግራቸዋለህ?» አልኩት። የእሳቸው ሆላንድኛ ከሐኪምና ከገበያ አያልፍም። በአማርኛ ደግሞ ለእኛ የማውቀው ቃል ወይ ስድብ ነው ወይ ተግሣጽ።

«ገጣሚው አንተ ነህ። ፈልግ።»

ካርቶን እየደረደርኩ ስፈልግ ከረምኩ፤ አላገኘሁም። በመጨረሻ «እንግዲያው ባስተማርከኝ እነግራታለሁ» አለ።

ዴንሃግ፣ ላክ በሚባለው ሰፈር፣ ቤታቸው ውስጥ እራት ቀርቦ ነበር። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እማ፣ የምወዳቸው ሰው አሉ።»

እናቱ ፊታቸው በራ። «አሉ? ይሄው ልጄ ሰው ሆነልኝ። ለመሆኑ ዕድሜያቸው ስንት ነው? ጡረታ ወጥተዋል?»

«ሃያ ስድስት።»

«ለሃያ ስድስት ዓመት ልጅ 'አሉ' ይባላል?» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ምን ዓይነት አስተማሪ ነህ? አበላሸኸው እኮ።»

«እኚህ ናቸው» አለና እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ።

የእናቱ ሳቅ ወዲያው አልጠፋም። ፊታቸው ላይ የሚሄድበት እንዳጣ እንግዳ ቆየ። እጁን አዩ፣ እኔን አዩ። ተነሥተው ምድጃውን አጠፉ። ጀርባቸውን ሰጥተውን ሻይ ቀዱና መጥተው ፊቴ አስቀመጡ።

«ሻይዎ እንዳይቀዘቅዝ» አሉ።

ከኋላዬ ሌላ ሰው የገባ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ።

«ያ ግጥምም ለእናትዎ አልነበረማ።»

«አልነበረም» አልኳቸው።

አልጮኹም፣ አልረገሙኝም። ለወትሮው በሩን ራሴ ከፍቼ ነበር የምወጣው፤ ያን ዕለት እንደ ትልቅ እንግዳ እስከ በሩ ሸኙኝ። «በሰላም ይግቡ» አሉኝ። እጄ ላይ ዕቃ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አንድ ማታ በስልክ «ደህና ይደሩ» አልኩት።

«እንደሷ አታናግረኝ» አለኝ።

ስለዚህ አንተ መባባል ጀመርን። አንተ የሚያስቅ ነገር የለውም። የት ነህ፣ መቼ ትወጣለህ፣ በልተሃል፤ መጋዘኑ ውስጥ ከማንም ጋር የምነጋገረው ነው። እናቱም ለእሱ ማብሰል ባያቆሙም አብረውት መብላት ተዉ። አንድ ቀን ሮተርዳም ሥራው አጠገብ ክፍል ተከራየ። «ከሁለታችሁም ዞር ብዬ ትንሽ ልተንፍስ» አለኝ። መተንፈስ ብቻ ነበር የጠየቀኝ፤ እሺ አልኩት። መልእክቶቹ እያጠሩ ሄደው ባለፈው መስከረም ቆሙ።

ባለፈው ወር ለአንድ ወዳጄ ልጅ ክርስትና ዴንሃግ ሄጄ ሆላንድስ ስፖር ጣቢያ ፊት ለፊት ትራም ስጠብቅ፣ እናቱ የገበያ ጋሪያቸውን እየጎተቱ መጡ። ከስተዋል። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው፤ ጎንበስ ብለው መለሱ። ትራሙ መጥቶ በሩ ተከፈተ።

«ይቅደሙ» አልኳቸው።

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» አሉኝ።

«በፍጹም፣ እርስዎ።»

«ግድ የለም፣ ይግቡ።»

በሩ ተዘጋና ትራሙ ሁለታችንንም ጥሎን ሄደ። እሱ እዚያ ቢኖር ኖሮ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር የሚስቀው። እሳቸውም ይህንኑ ያሰቡ መሰለኝ፤ ከንፈራቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ጎን ለጎን ቆመን ሐዲዱን እናይ ጀመር።

«ይበርዳል» አሉ።

«ይበርዳል» አልኩ።

«ደውሎ ያውቃል?»

«አልደወለም።»

«ለእኔም» አሉ።

ቀጣዩ ትራም ሲመጣ አላስቀደምኳቸውም፣ አልቀደምኳቸውም። ጋሪውን ከታች ይዤ አነሣሁት፤ እሳቸው እጀታውን ይዘው ገቡ። ወደ ክርስትናው ቤት የሚሄደው ሌላ ቁጥር ስለነበረ እታች ቀረሁ። ከበሩ ላይ ዞር ብለው አዩኝ።

«እግዜር ይስጥ...» አሉ። የመዝጊያው ደወል ጮኸ። «ህ» ይሁን «ዎ»፣ የቃሉ መጨረሻ አልተሰማኝም።