የሰይድ አንገት

ይህን ለሚስቴም፣ ለሸኹም ነግሬ አላውቅም። ለእናንተ የምነግረው ደክሞኝ ነው። ገበያ ሙሉ ሰው ሲያስቁ መኖር ያደክማል።

ጓደኛዬ ሰይድና እኔ የኤችአይቪ ቫይረስ በደማችን ነበረ። እዚሁ ውጫሌ ብንታከም ወሬው ቀድሞን ቤት ይገባል ብለን፣ መድኃኒታችንን ሐይቅ ከተማ ድረስ ሄደን እናመጣ ነበር። ለጠየቀን ሁሉ «ዓሣ ልንነግድ ነው» እላለሁ። በእኔ አፍ የሐይቅ ዓሣ ወይፈን ያክላል። ሰይድ ክኒኑን አንድ ቀን እንኳ ዘልሎ አያውቅም። ነርሷም «ቫይረሱ በምርመራ አይታይም፣ ጎበዝ» ብላዋለች።

ከዚያ አንገቱ ላይ እብጠት ወጣ። አያመውም፤ ግን ያድጋል። ሲተኛ ላብ ያጠምቀዋል፣ ሱሪው ከወገቡ ይንሸራተታል።

«ዛሬ ለነርሷ ላሳያት?» አለኝ ባጃጅ ስንጠብቅ።

«ምኑን? ንፍፊት ነው። ያን ሁሉ ክኒን ውጠህ ማስቀመጫ ጠቦህ ነው!»

«አንተ ቀጣፊ፣ ወላሂ እየከሳሁ ነው።»

«አብሽር፣ ሆድህ ገባልህ እንጂ! ሙሽራ መስለሃል እኮ።»

ሳቀ። እኔ ነኝ ያሳቅኩት። ፎጣውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ወደ ነርሷ ገባ፤ ክኒኑን ብቻ ተቀብሎ ወጣ።

እውነት ንፍፊት መስሎኝ ነበር? አልመሰለኝም። ፈርቼ ነው። ደሴ ሆስፒታል ከተላከ አገር ምድሩ ሊጠይቀው ይጎርፋል፤ የሚውጠውን ያያል። ቀጥሎ «ያ ዓሣ ነጋዴ ጓደኛውስ?» ይላል። እኔ ስሜን ላድን የሰው አንገት ሰጠሁ። አንዴም አይደለም፤ በየቀጠሮው ቀለድኩ፣ በየቀጠሮው ሳቀ።

በመጨረሻ ደሴ ሲደርስ እብጠቱ ብብቱንም ሆዱንም ይዞት ነበር። አልጋው ላይ ሆኖ ራሱ ነገረኝ። «የሊምፍ ካንሰር ነው አሉኝ። ቫይረሱ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በደንብ ቢወስድም ከሌላው ይልቅ ያሰጋዋል አሉ። እብጠቱ እንደወጣ ብትመጣ የመዳን ዕድልህ ሰፊ ነበር አሉኝ።» አልወቀሰኝም። «ይልቅ አንድ ነገር አውራና አስቀኝ» አለኝ። አወራሁለት።

በቀብሩ ቀን ኢማሙ እንደ ደንቡ ወደ ሰዉ ዞረው «ሰይድ የበደላችሁ ካላችሁ አውፍ በሉት» አሉ። ሁሉም «አውፍ ብለናል» አለ። እኔም አልኩ፤ ያውም ከሁሉም ጮክ ብዬ። በዳዩ እኔ፣ የበደልኩትን ሰው ይቅር አልኩት።

እናንተ አውፍ አትበሉኝ። አውፍ ማለት የሚችለው እሱ ነበር፤ እኔ ግን አፉ አፈር እስኪገባ ድረስ ጠበቅኩ።