ጋሪ የሚጠብቅ ፈረስ

ያ ሽማግሌ ለቄሱ እንኳ የማያወልቀውን ቆብ ለፈረሱ የአጃ ማብያ ያደርገው ነበር። በእኛ የዌልስ ተራራ ላይ ሁለቱ ሃያ ዓመት ባዶ የድንጋይ ፉርጎ በሐዲድ ሽቅብ ሲጎትቱ ኖረዋል። ቁልቁሉን ፉርጎው ድንጋዩን ጭኖ በራሱ ስለሚንደረደር፣ ፈረሱ ከኋላ በተቀጠለች ጋሪ ተሳፍሮ እንደ ጌታ ይመለስ ነበር። የእንፋሎት ባቡር መጣና ሁለቱም ተባረሩ። ፈረሱ ከዚያም ወዲህ ቁልቁለት ካየ ቆሞ ጋሪውን ይጠብቅ ነበር፤ የወሰደው ገበሬ ሁሉ መለሰው። በመጨረሻ የቀረው ገዢ አርዶ ቆዳውን የሚሸጠው ነጋዴ ብቻ ሆነ።

«ውረድ እንጂ የኔ ጌታ፣ እግር አለህ እኮ!» እያለ ሽማግሌው ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ፈረሱን ሲለምነው ዳቦ ሻጯ አንጋራድ ሰማችው።

«አዝለኸው ውረዳ፣ አንተ ሰውዬ!»

«ብችልማ መች እጠላ ነበር» አላት፣ ሳይስቅ።

ትናንት ነጋዴው ጋሪ ይዞ መጣ። ፈረሱ ማንም ሳይገፋው ጆሮውን አቁሞ ዘሎ ተሳፈረ።