የአረም ወራት ፍልስፍና

ፍልስፍና ተማርሁ ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። ሃምሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ከኮኪት ተነሥታ ዩኒቨርሲቲ የገባች ሴት ከእኔ በፊት ስላልታየች፣ መሳቃቸው አይገርመኝም። የሳቁትን ሰዎች ስም እዚህ አልጠራም። ራሳቸውን ያውቃሉ፤ እኔም አውቃቸዋለሁ፤ ለጊዜው ይኸ ይበቃል።

የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ብዙ ዓመት በዲፕሎማ አስተማርሁ። ባሌ ከሞተ በኋላ (እንዴት እንደሞተ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም) በክረምት እየተማሩ ዲግሪ የመያዝ ዕድል ለመምህራን መጣ፤ ከማንም ሳልማከር ተመዘገብሁ። ከተማከርሁ ምን እንደሚሉኝ ስለማውቅ ነው። በወጣትነቴም ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አምጥቼ ነበር። ያኔ ካስቀሩኝ ሰዎች ውስጥ ሁለቱ ሞተዋል፤ ከሞተ ሰው ጋር አልከራከርም። ሦስተኛው በሕይወት አለ። የባሌ ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዬ ነው። አዲስ ሙሽራ ሳለሁ ለእናቱ «እሷ ከተማረች እኛን እንደ ሰው አትቆጥረንም» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለ እኔ ከተናገረው ሁሉ ልክ የነበረው ይኸኛው ብቻ ነው።

ክረምት ለደጋ መምህር የእረፍት ጊዜ ነው። ለእኛ ለቆላ ሰዎች ግን ክረምት ማለት ሰሊጥ ማለት ነው። ሰኔ ላይ ይዘራል፤ ከዚያ የአረም ወራት ይመጣል፤ አረሙ ከቀደመ ዓመቱ አለቀ ማለት ነው። ባሌ የተወልኝ የሰሊጥ ማሳ ከኮኪት ወጣ ብሎ ነው፤ ትልቅ አይደለም፤ ግን የእኔ ነው። ዋርሳዬ መተማ ዮሐንስ ላይ ሱቅም ትራክተርም አለው፤ ይኸ ሁሉ እያለው ዓይኑ ከእኔ ማሳ ላይ አልነቀል አለ። ለትምህርት ደጋ ልወጣ መሆኔን እንደሰማ ሽማግሌ ሰበሰበ።

ከግራሩ ሥር ተቀመጥን። የሽማግሎቹ አለቃ ዕድሜያቸውን ራሳቸውም በውል የማያውቁት፣ ግን ጆሯቸው እንደ ወጣት የሚሰማ አዛውንት ነበሩ።

«ሴትዮዋ አስተማሪ ናት፤ ታስተምር፤» አለ ዋርሳዬ። «ገበሬ ግን አይደለችም። በክረምት ጥላው ከሄደች መሬቱ ጦም ማደሩ ነው። ለእኔ ይሰጠኝ። እኔ አርሰዋለሁ፤ የምርቱን እኩል እሰጣታለሁ።»

«የእኩሉ ለመጀመሪያው ዓመት ነው፤» አልሁ። «ከዚያ ወዲያ መሬቱ የማን እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ይጠፋል።»

«ለመሆኑ ምን ልትማሪ ነው የምትሄጂው?»

«ፍልስፍናም አለበት።»

«በስመ አብ! ሳትማሪውስ አንደበትሽ መች ተቻለ?»

ሽማግሎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ዛሬ ሳስበው ግን ለእሱ ጥሩ ቀልድ ነበር፤ ሌላ ሰው ቢናገረው እስቅ ነበር።

አዛውንቱ በትራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉና፣ «እንግዲያው ማሳው ራሱ ይመስክር። ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ ወርደን እናየዋለን። ሁለታችሁም ቃላችሁን ተናገሩ፤ ዋስም ጥሩ፤» አሉ። በእኛ አገር በሽማግሌ ፊት የተነገረ ቃል እንደተነገረ ይያዛል። ዋስ ከተጠራበት በኋላ ልጨምርበት፣ ላሻሽለው ማለት የለም። ሽማግሌው ቃሉን መልሰው ይደግሙታል፤ ተናጋሪው «አዎ፣ እንዲሁ ነው» ይላል፤ አለቀ።

ዋርሳዬ ደረቱን ነፋ። «የእኔ ቃል አጭር ነው። በዚያን ቀን ማሳው ውስጥ አረም ከተገኘ፣ አንዲት ብቻም ብትሆን፣ መሬቱን እኔ አርሰዋለሁ። ካልተገኘ ሁለተኛ ስለዚህ መሬት አፌን አልከፍትም።»

አዛውንቱ ደገሙት። «አዎ፣ እንዲሁ ነው፤» አለ። እኔም ተስማማሁ፤ ሁለታችንም ዋስ ጠራን። ሠራተኛ ቀጥሬ አሳርማለሁ ብዬ ነበር ያሰብሁት።

ዩኒቨርሲቲው ደጋ ላይ ነው። ሰው በሐምሌ ሹራብ ላይ ሹራብ እንደሚደርብ ያወቅሁት እዚያ ነው። በመጀመሪያው ቀን ክፍሉ በር ላይ ስደርስ ልጄ የሚሆን ጎልማሳ በትሕትና አስቆመኝ። «እማማ፣ ልጅዎን ፈልገው ነው?» አለኝ። ለመማር እንደመጣሁ ነገርሁትና ገብቼ ተቀመጥሁ። እሱም ተከትሎኝ ገባና ከሰሌዳው ፊት ቆመ፤ ለካ አስተማሪያችን ነው። ሁለታችንም ያ ቃል ያልተነገረ አስመሰልን። እኔ ግን ያዝሁበት።

ጥሩ አስተማሪ ነበር፤ ይኸን አልደብቅም። ፍልስፍና እንደ አንድ ዛፍ ነው ብሎ ጀመረና ቅርንጫፎቹን ይዘረዝርልን ያዘ። ሜታፊዚክስ ያለ ነገር ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ሥነ ዕውቀት ማወቃችንን በምን አወቅን ይላል፤ ሥነ ምግባር ምን ማድረግ ይገባናል ይላል፤ ሥነ ውበትም አለ። ሜታፊዚክሱ ብዙም አልያዘኝ። ሰው መኖሩን ሊጠራጠር የሚችለው ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ነው፤ በሚያዝያ መተማ ላይ ፀሐይ የመታው ሰው መኖሩን አይጠራጠርም። ሎጂክ ላይ ስንደርስ ግን ነቃሁ።

«ዝናብ ከዘነበ መሬቱ ይረጥባል፤» አለ አስተማሪው። «አሁን መሬቱ ረጥቧል። ስለዚህ ዘንቧል ማለት እንችላለን?»

ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» አለ።

እጄን አወጣሁ። «የውኃ ቦቴ አልፎ ቢሆንስ?» አልሁ። «እኛ ዘንድ መሬት የሚረጥበው ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው።»

ሁሉም ሳቀ፤ አስተማሪው ግን ጠመኔውን አስቀመጠ። «እሳቸው ያሉት ልክ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ያለውን ብቻ ነው የሚለው። ያላለውን አትጨምሩበት።» ከዚያ ቀን ጀምሮ «እማማ» ማለቱን ትቶ «መምህርት» ይለኝ ጀመር። የሎጂክ ውጤቴን እዚህ አልጽፍም፤ ጉራ ይመስላል። የማንም ግን አልበለጠኝም።

መኝታ ክፍል ውስጥ ለእኔ የላይኛው አልጋ ደረሰኝ። ከታች የምትተኛው የሳንጃ መምህርት ነበረች፤ ሰሊጥ ውስጥ ያደገች፣ ሳቅዋ ኮሪደሩን የሚያናውጥ ሴት። አልጋዬን ከምድር ስለራቀ ሜታፊዚክስ ብላ ሰይማው፣ ስወጣና ስወርድ «ቀስ በይ እትዬ፣ ሜታፊዚክስ እንዳይሰበር» ትለኛለች። ስለ ማሳው የነገርሁት ለእሷ ብቻ ነበር፤ የነገርኋትም ከኮኪት ክፉ ወሬ የመጣ ዕለት ነው። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ስለከረመ የቀን ሠራተኛ ከደጋ አልወረደም። የወረዱትን ጥቂቶች ደግሞ ዋርሳዬ ለራሱ እርሻ ሰብስቧቸዋል። የእኔ ሰሊጥ ከነአረሙ ቆሟል።

«ታዲያ ምን ታስቢያለሽ?» አለችኝ።

«ትምህርቱን ትቼ ልወርድ።»

«አንቺ ትተሽ ከወረድሽ እሱ በሁለቱም በኩል ረታሽ ማለት አይደለም?» አለችና ወጣች። ምን ልታደርግ እንደሄደች አልነገረችኝም። በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ክፍሉ በሙሉ ጉዳዬን አውቆታል። ምሥጢሬን ስለዘራችው እስከ ማታ አኮረፍኋት። ማታ የመጀመሪያው ዙር ፈተና እንዳለቀ ባለችው አጭር እረፍት ለደቦ የሚወርዱ መምህራን ሚኒባስ መሙላታቸውን ስትነግረኝ፣ ማኩረፌን ለሌላ ቀን አቆየሁት።

መንገዱ ክፍት ነበር። ቁልቁል በወረድን ቁጥር ሹራብ እየወለቀ ሚኒባሱ የልብስ ገበያ መሰለ። ኮኪት ስንደርስ ጎረቤቴ፣ ሱቅ ያላት ሙስሊም ነጋዴ፣ በትልቅ ጀሪካን ቀዝቃዛ ከርከዴ፣ የቀይ አበባ መጠጥ፣ ይዛ ጠበቀችን። ቀዩን መጠጥ ያዩት የደጋ ሰዎች «ይኸ ምንድን ነው?» እያሉ ጠጥተው ጨረሱት።

ማሳው ውስጥ ስንገባ ፍልስፍናውም አብሮን ገባ። ከመካከላችን አንድ የጎጃም መምህር ነበር፤ ረጅም፣ ቁም ነገረኛ፣ ጤፍ ሲያርም ያደገ። ሰሊጥ በሕይወቱ ያየው ዘይት ሆኖ ነው።

«እትዬ፣» አለኝ አጎንብሶ፣ «አረም በራሱ አረም ነው ወይስ እኛ ስላልፈለግነው ነው?»

«ንቀለውና እንነጋገርበታለን፤» አለችው የሳንጃዋ።

«ሰሊጡን ከአረሙ በምን አውቀዋለሁ?»

«እሸው። እንደ እንቁላል ውኃ የሚያሟልጭህ ሰሊጥ ነው። ተወው።»

«አረሙም ቢያሟልጭስ?»

«እንግዲያው አስተማሪያችንን ጠይቀው!»

ውለን ቀና ስንል ከማሳው አብዛኛው ጠርቷል፤ ሰሊጡ ተራ ይዞ ቆሟል፤ ደስ ይላል። ጎጃሜው ወንድማችን የያዘው ትልም ግን ባዶ ነበር። አረሙንም ሰሊጡንም፣ አረንጓዴ የሆነውን ሁሉ ነቅሎታል። ባዶው መሬት እንደ አውድማ ያበራል።

«እርግጠኛ መሆን ስላልቻልሁ፣» አለ ላቡን እየጠረገ፣ «ለጥንቃቄ ሁሉንም ነቀልሁት።»

የሳንጃዋ መሬት ላይ ተቀምጣ እስክታነባ ሳቀች። እኔ ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ቀና ብዬ የማሳውን ጥግ አየሁ። እዚያ አረሙ ከሰሊጡ ጋር ተጠላልፎ አንድ ሆኗል፤ አንድ በአንድ እየለየን ብንነቅል ሳምንት ይፈጃል። ሽማግሎቹ የሚመጡት በማግሥቱ ነው። ባዶውን ትልም እንደገና አየሁት። ዋርሳዬ ምን ነበር ያለው? አረም ከተገኘ። ስለ ሰሊጥ ምንም አላለም።

«ወንድሜ፣» አልሁት ጎጃሜውን፣ «ያን ጥግ እንደዚህ አድርግልኝ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ሰሊጡ ያሳዝናል እኮ እትዬ፤» አለች የሳንጃዋ፤ አሁን አትስቅም።

እኔንም አሳዝኖኛል። የዘራሁትን ሰሊጥ በእጄ ነቅያለሁ። ግን ጥጉን ካልሰጠሁ ማሳውን እሰጣለሁ፤ ሽማግሎቹን ቀን ለምኜ አርሜ ልጨርስ ብዬ ከቀረሁ ደግሞ ዲግሪውን። ሦስቱን አነጻጽሬ ጥጉን መረጥሁ።

በማግሥቱ ሽማግሎቹ መጡ። ዋርሳዬ በተተኮሰ ሱሪ ከፊት ከፊት ይመራል። ጥጉ ላይ እንደደረሰ እጁን አነሣ።

«እዩልኝ! ይኸ እርሻ ነው ወይስ የኳስ ሜዳ? ሰሊጡ የታለ? ገበሬ አይደለችም አላልሁም?»

አዛውንቱ በበትራቸው አፈሩን ጫር ጫር አደረጉ። «የተባለው ምን ነበር?» ሲሉ ጠየቁ።

«አባቴ፣ እርስዎ ደግመውታል፤» አልሁ። «አረም ከተገኘ ነው የተባለው። አረም ካለ ያሳየን።»

«እንዴ! ምንም የለውማ! ሰሊጥም የለው!»

«ሰሊጥ ከጎደለ አላልህም። አረም ከተገኘ ነው ያልኸው። የተናገርኸው ያን ብቻ ነው።»

ዋርሳዬ ተንበረከከ። በዚያ ሱሪ በጭቃው ውስጥ እየዳኸ ትልሙን ሁሉ በረበረ። በመጨረሻ አንዲት ቅጠል ይዞ «ይኸው! ይኸው!» እያለ ዘለለ። አዛውንቱ ተቀብለው በጣታቸው አሹ፤ አሸተቱ፤ ከዚያ መለሱለት።

«ይኸ ሰሊጥ ነው፣ ልጄ። ሱቅ መዋል አስረሳህ።»

እንዲህ ያለ ሳቅ ያ ማሳ ሰምቶ አያውቅም። የራሱ ዋስ ሳይቀር ሳቀበት። አዛውንቱ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው «ቃል ቃል ነው፤ መሬቱ የእሷ ነው፤ አንተም አፍህን ዝጋ፤» ብለው ፈረዱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው ሌላው ሳይሰማ፣ «አንቺ ግን ምንድን ነው የምትማሪው?» አሉኝ። ነገርኋቸው። «በይ በርቺ። እኔ ፊት ግን አትከራከሪ፤» አሉና ሄዱ።

ወደ ደጋ ከመመለሳችን በፊት በባዶው ጥግ ማሾ ዘራንበት፤ ማሾ ዘግይቶም ቢዘራ ይደርሳል። ለጎጃሜው የማሾ ፍሬ እያሳየሁ «ይኸን ብቻ እንዳትነቅል» አልሁት።

የክረምቱ የመጨረሻ ትምህርት ሥነ ምግባር ነበር። አስተማሪው ምሳሌ ሲጠይቅ የሳንጃዋ ተነሥታ «አንዲት ሴት ነበረች» ብላ ጀመረች። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ቃሉን ያጠበበው እሱ ራሱ ነው፤ ሴትየዋ ልክ ናት አሉ አንዱ ወገን። ሽማግሌ የሚመጣው ለእውነት ነው እንጂ ለቃል አይደለም አሉ ሌሎቹ፤ ጎጃሜው ከእነሱ ጋር ሆነ፤ ያውም ሁሉን የነቀለው እሱ ራሱ! አስተማሪው ወደ እኔ ዞሮ «መምህርት ምን ይላሉ?» አለኝ። እያሰብሁበት ነው አልሁ። አሁንም እያሰብሁበት ነው። የደረስሁበትን ግን ለራሴ አስቀምጬዋለሁ።

ሰሊጡ ደህና ሰጠ። ማሾው ደግሞ ካሰብሁት በላይ ሰጠ። መሬቱን ያዝሁ፤ የሚቀጥለውንም ክረምት ሄድሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውንም። ማሾው በተሰበሰበ ሰሞን አንድ ፌስታል ሞላሁና ወደ መተማ ዮሐንስ በሚሄድ ሚኒባስ ለዋርሳዬ ላክሁለት። ሾፌሩ ሲመለስ ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«"እርቅ ነው ወይ?" ብለሃት ና ብሎኛል፤» አለኝ።

«ማሾ ነው በለው፤» አልሁት።