የጥራት ኃላፊውና የጋሪው ፈረስ

ዳንግላ ባለ አንድ የግል እስላማዊ ኮሌጅ ስቀጠር የሥራ መደቤ «የትምህርት ጥራት ማሻሻያ ኃላፊ» ይባል ነበር። ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ የመሆን ሐሳብ ነበረው፤ እኔ ግን ከጠረጴዛና ከማኅተም በቀር ምንም አልነበረኝም።

መጀመሪያ የሠራሁት የተማሪዎች አስተያየት መስጫ ሳጥን መስቀል ነው። በሳምንቱ ስከፍተው ወረቀቱ ሁሉ የሚያወራው ስለ አንድ ፈረስ ሆነ። ከዐረብኛ ክፍሉ መስኮት ሥር የጋሪ ማቆሚያ አለ። አስተማሪው አዛውንት ሼህ ናቸው፤ «ኻ» የሚለውን ፊደል ከጉሮሯቸው ፍቀው ሲያወጡ ፈረሱ ከውጭ «ኽርርር» ብሎ ይቀበላቸዋል። ክፍሉ በሳቅ ያልቃል።

«ፈረሱን ላስነሣልዎት?» አልኳቸው ሼሁን።

«ተው ልጄ፣ አጥርቶ የሚያወጣው እሱ ብቻ ነው።»

ኮሌጁን የሚገመግሙ ባለሙያ ከባሕር ዳር ሊመጡ ነው ሲባል ግን ጨነቀኝ። በግምገማው ዕለት ጠዋት ባለጋሪውን ሄጄ ፈረሱን እንዲያርቅልኝ ለመንኩት።

«ፈረሴ ምን አጠፋ?» አለ።

«ትምህርት ያውካል።»

«እናንተ ናችሁ እንጂ እሱን የምታውኩት! ስትጮኹበት ነው የሚውለው።»

እያጉረመረመ ወደ ገበያው ይዞት ሄደ።

ገምጋሚዋ ዐረብኛ ክፍሉ ገብተው የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው መጻፍ ጀመሩ። ሼሁ «እስቲ ኻ በሉ» አሉ። ተማሪዎቹ እንግዳ ሲያዩ ምላሳቸው ተሳሰረ። አንዷ ሞክራ «ሃ» አለች። ሌላው ሊሞክር ሲል ሳል ያዘው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። ባለጋሪው ለካ ተሳፋሪ አግኝቶ ተመልሷል፤ ፈረሱ ራሱን በመስኮቱ አስገባና «ኽርርርር!» አለ።

«በጣም ጥሩ!» አሉ ገምጋሚዋ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ። «ማነው የመለሰው?»

«በትርፍ ጊዜው የሚከታተል ነው» አሉ ሼሁ ፊታቸውን ሳይፈቱ።

ሴትዮዋ ቀና ሲሉ ከፈረሱ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። መጀመሪያ ጮኹ፤ ቀጥለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ሪፖርቱ ሲደርሰን ሁለት ነገር ያዝዛል፦ የጋሪ ማቆሚያው ይዛወር፤ ሠራተኛው በሙሉ የትምህርቱን ሂደት ይወቅ። ሼሁ ሁለተኛውን በእኔ ጀመሩ። ተማሪዎቹ ፊት አቁመው «ኻ በል!» አሉኝ። ብዙ ታገልኩ። ሁለት ቀን ጉሮሮዬን አሞኝ ዝንጅብል ስጠጣ ሰነበትኩ።