በፊልሙ ሰው አፍ የጨመርኩት መሐላ

ከድንበሩ ማዶ፣ ገዳሪፍ ውስጥ ሻይ እሸጣለሁ፤ ጁምዓ ጁምዓ ደግሞ ፊልም እተረጉማለሁ። ተርጉሚ ብሎ የሾመኝ የለም። ከገበያው ጀርባ ባለችው ራኩባዬ፣ ከሣር ዳሱ ሥር፣ አንድ ቴሌቪዥን አለችኝ። በጁምዓ እርሻ ስለማይገባ የጎንደርና የመተማ ሰሊጥ አራሚዎች ከቀትር በፊት መጥተው በርጩማውን ይሞሉታል። የህንድ ፊልም እከፍታለሁ። ከሥር የሚሮጠውን የዐረብኛ ጽሑፍ የማነበው እኔ ብቻ ነኝ፤ እዚሁ አገር ተምሬ አድጌአለሁና። እነሱ ሥዕሉን ያያሉ፣ እኔ እናገራለሁ።

መናገሩን እወዳለሁ፤ ምን እዋሻለሁ! ጽሑፉ ሦስት ቃል ካለ እኔ ሠላሳ እላለሁ። የሚያቋርጠኝ ካለ ሻዩን እነጥቀዋለሁ። "ዝም በሉ፣ ትንገረን!" ይላሉ ሌሎቹ፤ እኔም ደረቴን እነፋለሁ።

ከሁሉ የሚወዱት አንድ ፊልም ነበር። የአንድን ጀልባ ቀዛፊ ወንድም ይገድሉበታል፣ እሱንም ደብድበው ሞተ ብለው ወንዝ ዳር ይጥሉታል። ይተርፋል። በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ ሌላ ሰው ሆኖ ይነሳል፤ መጨረሻ ላይ ገዳዩን ፈልጎ ይገድላል። መሃል ላይ መስታወት ፊት ቆሞ፣ የተሰፋ ፊቱን እያየ፣ "ይህን ሰው አላውቀውም" ይላል። በቃ፣ ጽሑፉ ይኸው ነው። እኔ ግን፣ ኤዲያ፣ ይቺማ ለጎንደሬ ምን ትሆነዋለች ብዬ፣ "የወንድሜን ደም ሳልመልስ ጠጉሬን ብቆረጥ የእናቴ ልጅ አይደለሁም!" አሰኘሁት። ዳሱ በጭብጨባ ሊፈርስ። ሲገድልም ፉከራ ጨመርኩለት። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰኛል? "ያችን ፊልም" ባሉኝ ቁጥር አስምለዋለሁ።

ከአራሚዎቹ አንዱ ከጆሮው እስከ አገጩ የገጀራ ጠባሳ ያለበት ዝምተኛ ሰው ነበር። ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣል፣ ሁልጊዜ ከፊት ይቀመጣል። ጠጉሩ ትከሻው ሲደርስ አይቼ፣ "ኧረ ባሕታዊ ልትሆን ነው እንዴ?" ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም።

አንድ ሐሙስ ሊሰናበተኝ መጣ።

"እታለም፣ ሰኞ በዶካ በኩል ወደ አገር እገባለሁ።"

"እሰይ! እናትህን ልታይ?"

"የታላቅ ወንድሜን ገዳይ። ይቺንም ያሳረፈብኝ እሱ ነው" አለና ጠባሳውን ነካ። "ደም ይድረቅ ብለው ሽማግሌዎች በአጎቴ በኩል ሦስት ጊዜ ልከውብኛል። እሺም እምቢም ሳልል፣ እንጀራዬን ልብላ ብዬ ትቼው ነበር። ያን ሰውዬ ሲምል ስሰማው ግን አፈርኩ። ባዕዱ እንዲህ ካለ እኔ ምንድን ነኝ?"

አበስኩ ገበርኩ! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ ይሄ ግን ሊረሳ ጀምሮ ነበር። የቀሰቀስኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ፊልሙን ማንም ሳይጠይቀኝ ከፈትኩት። ያሰብኩት የፊልሙን ሰውዬ ይቅር ማሰኘት ነበር። መስታወቱ ጋ ሲደርስ፣ "ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ" አሰኘሁት። ሰዉ ተንጫጫ። ባለ ጠባሳው ዞር ብሎ፣ "ዛሬ ለምን ትዋሻለሽ? መጨረሻ ላይ ይገድለው የለ እንዴ?" አለኝ።

ዛሬ ለምን ትዋሻለሽ! ንዴት አናቴ ላይ ወጣ፤ የተናደድኩት በራሴ ነው። ፊልሙን አቆምኩት።

"የዋሸሁት ዛሬ ብቻ አይደለም" አልኩ ሁሉም ፊት። "ጠጉሩም፣ መሐላውም፣ ፉከራውም የእኔ ነው። ሰውየው 'ይህን ሰው አላውቀውም' ነው ያለው፤ ሌላ አላለም።"

ወይ ውርደት! አንዱ "ታዲያ እስከ ዛሬ ስትቀልጅብን ነው የኖርሽው!" አለ፤ ሌላው ሻዩን ደፍቶ ወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ባለ ጠባሳው አልተነሳም።

"ከገደለው በኋላስ ምን ይላል?"

"ምንም። ይቀመጣል፣ እጁን ያያል፣ ያልቃል።"

"ምንም?"

"ወላሂ፣ አንድ ቃል የለም።"

"እንግዲያው ክፈቺውና ዝም በይ" አለኝ።

ዝም አልኩ። ዕድሜዬን ሁሉ ያን ያህል ዝም ብዬ አላውቅም። ስንት ጊዜ የተረጎምኩትን ፊልም ገና ያን ቀን አየሁት፤ ከተደበደበ ወዲህ በእውነተኛ ስሙ የሚጠራው ሰው አንድም የለም። ጡንቻ አውጥቷል፣ ሽጉጥ ይዟል፣ የሚጠራው ግን የለም። ሲያልቅ ባለ ጠባሳው ደህና ዋይ እንኳ ሳይለኝ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት የዶካው ሎሪ ሲያልፍ ወጥቼ ከጭነቱ ላይ የተሳፈረውን ሁሉ አንድ በአንድ አየሁ። አላገኘሁትም፤ ቢሆንም ልቤ አላረፈም። ምናልባት በሌላ መኪና ሄዶ ይሆናል እያልኩ ስብሰለሰል፣ ረፋዱ ላይ እሱ ራሱ መጥቶ በርጩማ ሳበ።

"ስልክሽን አውሺኝ፣ እታለም። ለአጎቴ ልደውል።"

ሰጠሁት። ከወዲያ የሽማግሌ ድምፅ "ማን ልበል?" አለ። ስሙን ተናገረ። እኛ ስንጠራው የኖርነው ስም አልነበረም፤ ይኼኛውን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

"ሽማግሌዎቹን እሺ በላቸው" አለ። "ደሙ ይድረቅ።"

አጎትየው እያለቀሰ ያንኑ ስም ደጋግሞ ጠራ፤ እሱም በተጠራ ቁጥር "አቤት" አለ።