የሚፈሰው ምርጊት

የልጅ ልጄ የመመረቂያ ጥናቷን በመምህራኗ ፊት ልታቀርብ ጥቂት ቀን ቀርቷታል፤ ሰው ፊት ስትቆም ግን አፏ ይተሳሰርባታል። ከማንኩሳ ወደ ጅጋ ገበያ ስንሄድ፣ "በይ እስቲ ለእኔ አስረጂኝ" አልኋት።

"እማማ፣ እንደ ፀሐይ ያለ እሳት የሚነድበት ምድጃ ነው። ግድግዳው ፈሳሽ ሊቲየም ነው።"

"ግድግዳው ከፈሰሰማ ቤቱ ፈረሰ በይኛ!"

ከት ብላ ሳቀች። "ኧረ ግድግዳውስ ቆሟል! የሚፈሰው ምርጊቱ ነው፤ ሊቲየም ማለት ቀልጦ የሚፈስ ብረት ነው። ከእሳቱ ያመለጠ ጋዝ ግድግዳ ነክቶ ቀዝቅዞ ከተመለሰ እሳቱን ያበርደዋል። ሊቲየሙ ግን ውጦ ያስቀረዋል። ፈሳሽ ስለሆነም አይሰነጠቅም።"

"እኔማ የቤቴን ምርጊት ክረምት በወጣ ቁጥር ነው የምደፍነው" አልሁ ቀንቼ።

ጅጋ ስንደርስ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ለአንዲት ጨው ሻጭ "ምርጊቱ" እያለች ሁሉንም አስረዳቻት። አንዴም አልተደናቀፈችም። ለመምህራኗም እንዲሁ እንደምትነግራቸው አልተጠራጠርሁም።