መስኮት በበር የለወጠችው ፍራሽ ሰፊ

ወደ ሰፈራችን የተመለስን ዕለት ነፋሱ ሰው የሚጥል ነበር። አናጢዎቹ ጣሪያ ላይ ሆነው ቆርቆሮ ሲይዙ፣ ቆርቆሮው እነሱኑ ይዟቸው ሊሄድ ይታገላል። አክስቴ ከጭነት መኪናው ወርዳ የተቃጠለውን ቤቷን ቦታ አላየችም። ያየችው የጓሮውን አጥር ነው።

«አጠሩት» አለችና እዚያው ቆመች።

አክስቴ ፍራሽ ሰፊ ናት። ጥጥ ስታፍታታ፣ ስትሞላ፣ በረጅም መርፌ ስትወጋ ነው ዕድሜዋ ያለቀው። በሰፈሩ በእሷ እጅ ሥራ ያልተኛ የለም፤ ከእኛም ወገን፣ ከእነሱም ወገን። ሰው በሰው ላይ ተነስቶ ቤት ማቃጠል ሲጀምር ግን በማን ፍራሽ ላይ እንደተኛ ያስታወሰ አልነበረም። ምን ይደረግ።

ያን ቀን የፊት በሯ ላይ እሳት ለቀቁበት። አጎቴ፣ ባሏ ማለት ነው፣ ግማሽ አካሉ አይታዘዝለትም። ቤቱ ጭቃ ስለነበር የኋላውን ግድግዳ በእርግጫ ጥሰን፣ አጎቴን እፍራሹ ላይ እንደተኛ በጎረቤት ግቢ በኩል ጎትተን አወጣነው። እሱ ዛሬም ይቀልድበታል፤ «ሰው በእግሩ ይሸሻል፣ በመኪና ይሸሻል፤ ተኝቶ የሸሸ እኔ ብቻ ነኝ» ይላል። እሷ አትስቅም።

የእርዳታ ድርጅቱ የሚሠራልን ቤት ብሎኬት ነው። ሁሉም ሰው ጠንካራ ነው ብሎ አመሰገነ። አክስቴ ግን እድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጣ ግድግዳው ከፍ ባለ ቁጥር ፊቷ እየጠቆረ ሄደ።

«ብሎኬት በእርግጫ አይጣስም» አለችኝ።

በርና መስኮቱን የሚገጥመው አናጢ ከእነዚያ ወገን ነው፤ ድርጅቱ ከሁለቱም ወገን ነው የሚቀጥረው። ግቢው ደግሞ ከአክስቴ ጓሮ ጋር ይዋሰናል። ያን ቀን ያቋረጥነው ግቢ የእሱ ነው።

«በጓሮ በኩል ሌላ በር ክፈትልኝ» አለችው።

«እትዬ፣ የታዘዘልሽ አንድ በር፣ አንድ መስኮት ነው። ከየት ላምጣልሽ?»

«መስኮቱን ተወውና በር አድርገው።»

«በጨለማ ልትኖሪ?»

«ብርሃን ምን ይሠራልኛል? ብርሃን አያስወጣኝ!»

አጎቴ ከተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ጣልቃ ገባ፤ «አናጢው፣ ዝም ብለህ ሥራላት። እኔን ከነወንበሬ በመስኮት ልትወረውረኝ ነው እንዴ?»

ሠራላት። ይህን ያዩ ሌሎቹ ሴቶችም ተከታትለው መስኮታችንን በር አድርጉልን አሉ። የድርጅቱ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ሰልፍ የያዙትን መስኮት አልባ ቤቶች አይቶ፣ «ቤት ነው የሠራነው መተላለፊያ?» ብሎ ተቆጣ። ግን ግድግዳው አልቆ ነበር፤ እያጉረመረመ ሄደ።

አክስቴ አዲሱን የኋላ በር የከፈተች ቀን ግን ፊት ለፊቷ የቆመው ያ አጥር ነበር። አናጢው ከስደታችን በኋላ በወፍራም አጣና ያጠረው ነው።

«ከአጥሬ ጋር ልትፋጠጪ ነው?» አላት አናጢው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከፈለግሽ ጥቂት አጣና ልንቀልና ወንበሩ ይለፍ።»

በሩን ዘግታ ወደ ውስጥ ተመለሰች። «እኔ የምወጣበት ቀዳዳ እነሱም የሚገቡበት ነው» አለችው አጎቴን።

«ያን ቀን በግቢው ስትጎትቱኝ አናጢው በመስኮት ሲያየን አይቼዋለሁ» አላት አጎቴ።

«አይቶንስ ምን አደረገ?»

«ምንም።»

«እኔን የሚያስፈራኝ እኮ እሱ ነው!»

«አልጮኸብንም እኮ፣ አንቺ ሴት።»

በማግስቱ አናጢው ሚስማር በከንፈሩ ይዞ የኋላው በር ላይ ማጠፊያ ሲመታ አጠገቡ ሄዳ ቆመች።

«ያን ቀን አይተኸናል?»

ሚስማሩን ከአፉ አወጣ። «አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልወጣህም?»

«ፈርቼ።»

«እኛን?»

«የራሴን ሰዎች።»

ብዙ አየችው። ሊያባብላት፣ ሊምልላት ይችል ነበር፤ ምንም አልጨመረም።

«ንቀለው» አለችው በመጨረሻ። «የበሩ መቀርቀሪያ ግን በእኔ በኩል ይሁን።»

«በማን በኩል ሊሆን ኖሯል!» ብሎ አጣናውን መነቅነቅ ጀመረ።

አክስቴ አሁን በዚያው ቤት ትኖራለች። መስኮት ስለሌለ በቀን መብራት አብርታ ፍራሽ ትሰፋለች። ሲመሽ የፊቱን በር ትዘጋለች፤ የኋላውን መቀርቀሪያ ገፋ ገፋ አድርጋ ትፈትሻለች፤ የአጎቴን ወንበር ወደ ጓሮ አዙራ አልጋው አጠገብ ታቆማለች። ከዚያ ጋደም ትላለች። አንዳንድ ቀን እንቅልፍ ይወስዳታል።